ሲም ካርዱን ይዛ ሄደች

ስልኳ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ሲደፋ፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተቆጣችው መቀሱን ነበር። መቀሱን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ነው ክርኗ ስልኩን የመታው። አንስታ ስታየው መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹ ጠቁሯል፣ በቀረው ግማሽ ላይ አረንጓዴ መስመር ተጋድሟል። በጣቷ ብትነካው፣ በቀሚሷ ብትወለውለው፣ ብትለምነውም አልሰማ አለ። ይጮኻል፤ ማንሳት ግን አይቻልም።

ጊዜው ደግሞ የትምህርት ቤቶች መክፈቻ ሰሞን ነው። መቶ አርባ ዩኒፎርም ተቆርጦ መደርደሪያው ላይ ተከምሯል፤ እናቶች በየሰዓቱ «የልጄ ደረሰ?» እያሉ ይደውላሉ። ለእሷ ያለ ስልክ መዋል ያለ መርፌ እንደ መዋል ነው። ሥራውን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ዶክተሩ ከነፈች።

ዶክተሩ የሚባለው ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ ስልክ ጠጋኝ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትከሻውን አጥፎ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ ደቅኖ ሲሠራ ላየው ሰው የሚቀደድ ሆድ ፊቱ የተዘረጋ ነው የሚመስለው፤ ስሙንም ያወጡለት ለዚያ ነው። እሱም ስሙን ወዶታል። ሰው ጥሩ ነው፣ ክፋት የለበትም። ጥንቃቄ የሚባል ነገር ግን በአጠገቡም አላለፈ። ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ደግ ሰው ስንቱን ጉድ እንደሚያመጣ ያየ ያውቀዋል።

«ስክሪኑ ነው» አላት አገላብጦ አይቶ። «አለኝ። ከምሳ በኋላ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ። መክፈቻውን ንገሪኝ።»

«መክፈቻው ምን ያደርግልሃል?»

«እንዴ! ቀይሬ ስጨርስ ይሥራ አይሥራ በምን አውቃለሁ? ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን ማየት አለብኝ።»

«እኔ ስመጣ እከፍትልሃለሁ።»

ዶክተሩ ማጉያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና ሳቀ። «እህቴ፣ እዚህ የመጣ ሁሉ ሰጥቶኝ ነው የሄደው። እስቲ መደርደሪያውን እይው!»

አየችው። ሃያ የሚሆኑ ስልኮች በሆዳቸው ተኝተዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ፕላስተሩ ላይ የባለቤቱ መክፈቻ ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። አንዱ አራት ዜሮ ነው። አንዱ 1234። አንዱ ላይ ቁጥር ሳይሆን የጣት አካሄድ ተስሏል። ቆማ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። እሷ ማንበብ ከቻለች ሌላውም ማንበብ እንደሚችል ልብ ማለት የነበረባት ያኔ ነበር። የቸኮለ ሰው ግን ዓይኑ እያየ ልቡ አያይም።

ያስጨነቃት የደንበኞች ጉዳይ አልነበረም። ታናሽ እህቷ፣ ሚጡ ነው የምትላት፣ ከአራት ወር በፊት ልጇን አንጠልጥላ ከባሏ ቤት ጠፍታለች። ያለችበትን ከተማ የሚያውቁት ልብስ ሰፊዋና ጠበቃዋ ብቻ ናቸው። ሚጡ ማታ ማታ የድምፅ መልእክት ትልካለች፣ አልፎ አልፎም ፎቶ። ባለፈው ሳምንት የላከችው ፎቶ ላይ ልጅቷ አዲሱ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የትምህርት ቤቱ ስም በትልልቅ ፊደል ይነበባል። «አይተሽ አጥፊው» ብላት ነበር። አላጠፋችውም። ናፍቆት ነው። ሥራ ሲያደክማት ፎቶውን ትከፍታለች፣ የልጅቷን የወለቀ ጥርስ አጉልታ ታያለች፣ ብቻዋን ትስቃለች።

እዚያው ስልክ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ባልየው «ያለችበትን ንገሪኝ» እያለ በደወለ ቁጥር የተናገረውን ቀድታዋለች። ዐሥራ አንድ ቅጂ ነው። በሰባተኛው ላይ፣ ሚስቱን ካገኛት ምን እንደሚያደርጋት ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሚጡ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ማስረጃ አለሽ?» ተብላ ተመልሳለች፤ እነዚህ ድምፆች እስኪገኙ ድረስ ያመናት ሰው አልነበረም። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠበቃዋ «ላኪልኝ፣ ሌላም ቦታ ኮፒ አድርጊው፣ ስልክ የሚሰበር ነገር ነው» ብላ ሦስት ጊዜ አሳስባታለች። ልብስ ሰፊዋም ሦስቱንም ጊዜ «ነገ» ብላለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ሰው፤ የእሷ ቅጠል ሁልጊዜ ነገ የሚቆረጥ ነው።

«ምን አስፈራሽ?» አለ ዶክተሩ።

«የቤተሰብ ነገር አለበት።»

«የሁሉም ሰው ስልክ የቤተሰብ ነገር አለበት። እኔ የሰው ጓዳ ውስጥ የምዞርበት ጊዜ አለኝ? ካልፈለግሽ ተይው፣ ሳልፈትሸው እሰጥሻለሁ፤ ነገ ደግሞ ‹አበላሸኸው› ብለሽ እንዳትመጪ።»

ከኋላዋ ሌላ ደንበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁጥሩን ነገረችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዶክተሩ ጻፈ፣ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ዳመጠው። ከዚያ በቀጭን ሽቦ የስልኩን ጎን ወግቶ ሲም ካርዱን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«እንኪ፣ ዋናው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ይሄ ባዶ ሳጥን ነው።»

እሷም አመነችው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያምናል፤ ጥፍር የምታክለዋን ካርድ ይዞ ስልኩን ያስረክባል። ካርዷ የያዘችው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ፎቶው፣ ድምፁ፣ መልእክቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚቀረው። ልብስ ሰፊዋ ካርዷን በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችና፣ ቤቷን ቆልፋ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ እንደሄደች ሴት ተረጋግታ ተመለሰች።

ባልደረባዋ ኦቨርሎኳ ትባላለች፤ የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን ላይ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች ነው። ከልብስ ሰፊዋ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ምላሷ ከማሽኗ ይፈጥናል፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ አፏ ላይ ነው። ከምሳ ስትመለስ መነጽሯን እየወለወለች፦

«ዛሬ ሸጋውን አየሁት እሜቴ» አለች።

ሸጋው የሚጡ ባል ነው። ሰፈሩ ነው ያወጣለት። መልኩ ያማረ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ነው። አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ መሆኑን የሚያውቁት እቤቱ የኖሩት ብቻ ናቸው።

«የት አየሽው?»

«ስሄድ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሰላም አለኝ። ‹የእትዬ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ደህና ናት?› አለኝ። ኧረ ደህና ናት፣ ሰብራው ዶክተሩ ጋ ሰጥታዋለች አልኩት። አሁን ስመለስ እዚያው ዶክተሩ ጋ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ጓደኛሞች አይደሉ፣ ኳስ አብረው ነው የሚያዩት።»

የልብስ ስፌት ማሽኑ ቆመ። መርፌው የአንዱን ልጅ እጅጌ እንደወጋ እዚያው ቀረ።

«ምነው?» አለች ኦቨርሎኳ። «ሲምሽ እኮ አንቺ ጋ ነው።»

«ሲሙ ምን ይረባኛል! የሚጡ ፎቶ ያለው ስልኩ ላይ ነው። መክፈቻው ጀርባው ላይ ተለጥፏል! በትልቁ ተጽፎ!»

ኦቨርሎኳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ውይ! ይሄ ምላሴ ይቆረጥ!»

ለመቆጣት ጊዜ አልነበረም። ዶክተሩ የሰጣትን ደረሰኝ አውጥታ ቁጥሩ ላይ በኦቨርሎኳ ስልክ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ሰውየው ሥራ ላይ ሲሆን የራሱ ስልክ ቢጮህ የደንበኛ ስልክ እየፈተሸ ነው የሚመስለው።

«ቆይ፣ የወንድሜ ሚስት ስልኳን ሌባ የወሰደው ጊዜ ከሩቅ አስጠፍተውታል» አለች ኦቨርሎኳ። «በኢሜይል ገብተው። እንኪ፣ በኔ ሞክሪው። ቁልፍ የለውም፤ ምን አለኝና እቆልፈዋለሁ።»

ኢሜይሏን ጻፈች። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል የተጻፈው የደንበኞች ልክ በሚመዘገብበት ደብተር ውስጥ ነው፤ በዓለም ላይ በሌለች አንዲት ደንበኛ ልክ ተመስሎ። ደረት 94፣ ወገብ 71፣ ዳሌ 102። ጠበቃዋ «ማንም የማይገምተው አድርጊው» ስትላት ራሷ ያፈለቀችው ዘዴ ነው፤ በዚያች ዘዴ ስትኮራ ኖራለች። ገባላት። የስልኳ ሥዕል መጣ። ከሥሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ጠዋት እንደሆነ ተጽፏል፣ ከዚያ በታች ሁለት ምርጫዎች፦ ቆልፍ፤ አጥፋ።

«ቆልፊያ!» አለች ኦቨርሎኳ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ።

«የሚቆለፈው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካነበበ መቆለፉ ምን ይጠቅመኛል?»

«አጥፊዋ ታዲያ!»

አጥፋ የሚለውን ስትነካው ሁለት መስመር ወጣ። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አይመለስም። ትእዛዙ የሚፈጸመው ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ሁለቴ አነበበችው። ሲም ካርዱ በመሐረቧ ጫፍ ተቋጥሯል፤ ስልኩ ኢንተርኔት ከየት ያገኛል? አሁን ብታጠፋው ትእዛዙ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሸጋው ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ያያል። ኋላ ላይ ስልኩን ራሷ ስትከፍተው ደግሞ ዐሥራ አንዱ ድምፅ ዓይኗ እያየ ይጠፋል። ምናልባት ሸጋው ገና አልነካውም። ምናልባት ኳስ ብቻ ነው የሚያወሩት። ሰው ሲጨንቀው ምናልባትን የመሰለ መጠጊያ የለውም።

«አልችልም» አለች። «ሰባተኛው ድምፅ ከሌለ ሐሙስ ማን ያምነናል?»

«እንግዲያው ሩጪ! ስልኬን ይዘሽው ሂጂ!»

ቴፕ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰልፍ የእግረኛውን መንገድ ዘግቶታል፤ በመሃሉ ሰንጥቃ ስታልፍ አንዱ «እህት፣ ሰልፍ አለ!» አላት፣ ሌላው ሳቀ። እሷ በልቧ የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ስክሪኑን ለመቀየር አንድ ሰዓት ይፈጃል ቢባል፣ ምሳ በልቶ ከጀመረ፣ አሁን ወይ ጨርሷል ወይ ሊጨርስ ነው። ስክሪን የሌለው ስልክ አይነበብም። ስክሪን የገባለት ይነበባል። አምላኬ፣ እጁ ይንቀጥቀጥ፣ ብሎኑ ይጥፋበት፣ መብራት ይጥፋ እያለች ሮጠች። ለአንድ ሠራተኛ ሥራው እንዲበላሽበት ከልቧ ስትጸልይ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

መብራት አልጠፋም። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ሸጋው ከመስታወቱ ባንኮኒ በውስጥ በኩል፣ በዶክተሩ ትርፍ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስልኳ በሁለቱ መካከል በሆዱ ተኝቷል። ፕላስተሩ ወደ ላይ ነው።

«እትዬ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ሚስቱ እንደምትጠራት ነው የሚጠራት። «ለምን ደከምሽ? እኔ አደርስላታለሁ እያልኩት ነበር።»

«አማችሽ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ዶክተሩ ፊቱ በርቶ። «አዲስ አድርጌልሻለሁ። ዋይፋዩን ብቻ ልየውና ውሰጂው።»

«ስጠኝ።»

«ሁለት ደቂቃ።»

«አሁን ስጠኝ አልኩህ!»

«ሳይፈተሽ ከዚህ ቤት አይወጣም እህቴ» አለ፤ እጁ ግን ከአፉ ቀድሞ ነበር። ስልኩን አንስቶ፣ ፕላስተሩን ገረፍ አድርጎ አይቶ፣ ከፍቶ፣ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኘው። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሳያስብ ነው የሚያደርገው።

ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ያልደረሱትን መልእክቶች ባንዴ ተቀበለ። እያከታተለ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ቁጥር የመዘገበችው «የክር ነጋዴ» ብላ ነው። ደማቁ አዲስ ስክሪን ላይ፣ ከባንኮኒው ወዲህ ሆና እንኳ ማንበብ ቻለች፦ የክር ነጋዴ፦ እትዬ ስልክሽ ለምን ተዘጋ? ሰጋሁ እኮ።

የክር ነጋዴ እትዬ አይልም። ሸጋው በዶክተሩ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር፤ አነበበው። ፊቱ ላይ ፈገግታው እንዳለ ዓይኑ ብቻ ቆመ።

«አትስጠው!» ብላ ጮኸች።

ዶክተሩ ደነገጠና የስልኩን ጎን ተጭኖ ስክሪኑን ቆለፈው። ያችን ታህል እንኳ አስተዋለ። ሸጋው ግን ስልኩን ከጣቶቹ መካከል፣ የሕፃን እጅ የሚያላቅቅ ይመስል ቀስ አድርጎ ወሰደው። ፕላስተሩን ማየትም አላስፈለገው። እሷን እያየ ነው የተናገረው።

«ዐሥራ ሁለት፣ ዜሮ ሦስት፣ ዜሮ ዘጠኝ። የእናታችን የዕረፍት ቀን። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ረሳሽው እትዬ?»

ተከፈተለት። ጀርባውን ሰጣቸው።

ባንኮኒው በመካከላቸው ነው። እጇን ብትዘረጋ የሸሚዙን ጫፍ እንኳ አትነካም፤ ዞራ እንዳትገባ መግቢያውን የዘጋው እሱ ራሱ ነው። በሌላው እጇ ግን የኦቨርሎኳ ስልክ አለ። ነካችው፣ በራ። ገጹ እንደነበረ ነው። አሁን ስልኳ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ያሳያል። አጥፋ የሚለውን ተጫነች።

የይለፍ ቃልዎን በድጋሚ ያስገቡ አላት።

ደብተሩ ስፌት ቤቱ ቀርቷል። ደረት ዘጠና አራት አለች በከንፈሯ። አውራ ጣቷ ላብ አላበው፣ ፊደል ሳተች፣ ትክክል አይደለም አላት። በሸጋው ክንድ ሥር የራሷ ስልክ ሲበራ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይታያታል። ዶክተሩ «ኧረ ስጣት፣ ምን ነካህ? ንብረቷ ነው!» እያለ ይለምነዋል። ደረት ዘጠና አራት። ወገብ ሰባ አንድ። ዳሌ መቶ ሁለት። ያች የሌለች ሴት ያን ጊዜ ፊቷ የቆመች መሰላት።

እርግጠኛ ነዎት? አላት።

አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመች። በዚያች ትንፋሽ ዐሥራ አንዱንም ድምፅ አሰበች፣ ሰባተኛውን አሰበች፣ ሐሙስን አሰበች። ከዚያ አጠፋችው።

ስልኩ ሸጋው እጅ ላይ ጠቆረ። ነካካው። መታ መታ አደረገው። ነጭ ሆነና ከፋብሪካ እንደወጣ ዕለት ቋንቋ ይምረጡ ማለት ጀመረ። ሸጋው ዞር ብሎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ገባው። ብልጥ ነው፤ ክፋቱም ከብልጠቱ ነው።

«አጠፋሽው» አለ።

እጇን ወደ ስልኳ ዘረጋች።

«ሁሉንም? የኔን ድምፅም?» ጥቂት ጠበቀና ሳቁ ተመለሰ። መጥሪያው ላይ የድምፅ ማስረጃ አለ ተብሎ ስለተጻፈ ነገሩን ያውቃል። «ታዲያ ሐሙስ ምን ልታሰሚያቸው ነው እትዬ?»

ስልኩን በሁለት እጁ፣ ለታላቅ እንደሚሰጥ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አኖረላት። ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር አለ።

«ጥርሷ ወልቋል ለካ» አለ። «ልጄ አድጋለች።»

ፎቶውን አይቶታል። ከጥርሷ ኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አለማንበቡን ግን የሚነግራት ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ ያን ፎቶ ስንት ሰከንድ አየው? ሁለት? አምስት? እሷ በተሳሳተ ፊደል ያባከነቻት ጊዜ ስንት ነበረች?

«እህቴ፣ እኔ ምን አውቄ» አለ ዶክተሩ። ላቡ በግንባሩ መብራት ሥር ያበራል። «ቤተሰብ ነኝ አለኝ። ሰው ነው ብዬ አስጠጋሁት። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በሩንም አላስረግጠውም ነበር!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ግን መክፈቻውን የሰጠችው ማን ሆነና? ፎቶውን ያላጠፋችው፣ ድምፁን ነገ እልካለሁ ያለችው ማን ነው? ስድቡ ተመልሶ እሷው ላይ ወደቀ።

«ሐሙስ ፍርድ ቤት መጥተህ አሁን ያየኸውን ትናገራለህ?» አለችው።

ዶክተሩ ስልኮቹ ወደተደረደሩበት አየ። ቁጥሩን ማን ጻፈው፣ ማን ለጠፈው ተብሎ እንደሚጠየቅ ገብቶታል። የግንባሩን መብራት አጠፋ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ነገረችውና ወጣች። ከሱቁ ጎን፣ በግድግዳውና ቆሞ በተተወ አሮጌ ሚኒባስ መካከል ገብታ የእህቷን ቁጥር በቃሏ ደወለች። ይህን አንዱን ነገር እንኳ በቃሏ ይዛዋለች።

«ሄሎ?» አለ የፈራ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ! የማን ቁጥር ነው? ከጠዋት ጀምሮ ስደውል—»

«ሚጡ፣ ስሚኝ። ባልሽ ስልኬን አግኝቶት ነበር። ፎቶውን አይቶታል።»

«የትኛውን?»

«የትምህርት ቤቱን።»

ሚጡ፣ ያለ ቁጣ፣ «አይተሽ አጥፊው ብዬሽ ነበር እኮ» አለች። ቢቆጧት በተሻላት።

«ብለሽኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስሙን አንብቦታል?»

«አላውቅም። ጥርሷን አይቷል። አንብቧል ብለን ነው ማሰብ ያለብን።»

«ድምፁስ?»

«ፎቶውን ላስጥለው ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት።»

«ሰባተኛውንም?»

«ሰባተኛውንም።» ቴፕ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደች። «ሐሙስ ቆሜ እናገረዋለሁ። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። አምነው አላመኑ እኔ እናገራለሁ። አሁን ልጅሽን አውጪያት።»

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ሲሳብ፣ ዚፕ ሲዘጋ፣ ባዶ እግር ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማታል። እህቷ ማልቀስ ጀምራለች፣ እያለቀሰችም ዕቃ ትሰበስባለች። ሚጡ ይህን ሥራ ለምዳዋለች፤ ልብስ ሰፊዋን ከምንም በላይ አንጀቷን የበላት ይህ መልመዷ ነው።

«ትናንት ጓደኛ አገኘች እኮ እትዬ» አለች ሚጡ። «አብረን እንቀመጥ ተባባልን ብላኝ ሌሊቱን በደስታ ስትገላበጥ ነው ያደረችው። አሁን ምን ልበላት?»

«አላውቅም የኔ እናት።»

«ጠበቃዋ ሌላ ቤት አለ ብላኝ ነበር፣ ክፉ ቀን ከመጣ ብላ። ከዚህ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ከተማው—»

«አትንገሪኝ።»

«ምን?»

«የት እንደምትሄጂ ለኔ አትንገሪኝ። ለጠበቃዋ ብቻ። ፎቶም አትላኪልኝ፣ ማታም አትደውዪልኝ።»

ወዲያ ማዶ የዕቃ መሰብሰቡ ድምፅ ቆመ።

«እስከ መቼ?» አለች ሚጡ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ የእህቷን ትንፋሽ አዳመጠች፤ ሚጡም የእሷን። ለረጅም ጊዜ የመጨረሻቸው መሆኑን ሁለቱም አውቀውታል። ቀድማ የዘጋችው ታላቅየዋ ናት።